የፈጠነች ጣኒካ

ከቦዲቲ እስከ ሶዶ ባለው መንገድ ላይ ኤርካሎ አስተያየት ያልሰጠበት ነገር አልነበረም። ስለ ዝናቡ ያውቃል፣ ስለ ንጉሡ መሄድ ያውቃል፣ ስለ ጣሊያን መምጣት ያውቃል፣ የጎረቤት ሚስት ቅቤ ለምን እንደሚበላሽባትም ያውቃል። ጠዋት ጠዋት እሳት ሊጭር የመጣ ጎረቤት ፍሙን በገል ይዞ ቶሎ ካልወጣ አለቀለት፤ ፍሙ እጁ ላይ አመድ እስኪሆን ቆሞ ማዳመጥ ነበረበት። ሰው ግን አይቀርም ነበር። የኤርካሎ እሳት እናቱ ሙሽራ ሆና በገባች ሰሞን የተለኮሰ ነው፤ ማታ በአመድ እየተዳፈነ፣ ጠዋት እየተጫረ፣ አርባ ዓመት አንድም ቀን ሳይጠፋ ኖሯል። ሰፈሩ ሁሉ የሚያበስለው በዚያ ቤት ፍም ነበር።

ክብሪትን አይወድም። “እሳቱን በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው ምን ጎረቤት ያስፈልገዋል?” ይላል። የቆርቆሮ ሥጋንም አይወድም፤ ከብቱን ቆሞ ያላየውን ሥጋ አልበላም ብሏል። ከሁሉ የሚብስበት ግን መኪና ነው።

“በቅሎ ብትደክም ሣር ትግጣለች። ይኼ የሚጠጣው ከባሕር ማዶ ነው የሚመጣለት። መጠጡ የቀረበት ዕለት ዶሮ ይሰፍርበታል፣ ታያላችሁ!”

ከዚያ ወደ መንግሥት ይሻገራል። “የፊተኛው በበቅሎ መጥቶ ማር አምጣ ይለኝ ነበር። ይኼኛው በብረት መጥቶ እንቁላል አምጣ ይለኛል። ሁለቱም ሲሄዱ ደህና ሁን አይሉኝም።” ጎረቤቱ ሶርሳ ሁልጊዜ ወሬው እዚህ ላይ ሲደርስ ወደ በሩ ዞር ብሎ ያያል። ጣሊያን ሶዶን ከያዘ ሁለተኛው ክረምት ነበርና በሩን ማየት ብልህነት ነው።

ሚስቱ ፈጠነች ግን ነገር አታበዛም። ስሙን ያወጡላት ክርስትና ያስነሷት የባለመሬቱ ሚስት ናቸው፤ ስሙና እሷ እስከ ዛሬ አልተገናኙም። ቀስ ብላ ትራመዳለች፣ ቀስ ብላ ትናገራለች። በዓለም ላይ የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ጣኒካ። ቤንዚን የሚመጣበትን ያንን ባለ አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ቦዲቲ ገበያ ላይ ሴቶች ውሃ ሲቀዱበት አይታለች። አይሰበርም፣ ቀላል ነው። እሷ ግን ከወንዙ እስከ ቤቷ ዳገቱን በእንስራ ነው የምትወጣው።

“ውሃ በብረት ከተቀመጠ ዝገት ዝገት ይላል” አላት ኤርካሎ። “እናቴ በእንስራ ቀድታ ነው ያሳደገችኝ።”

“እናትህ ጎብጣ ነው የሞተችው” አለችው።

ኤርካሎ ተነሥቶ ወደ እንሰቱ ወጣ።

ከበልግ ዝናብ በኋላ አንድ ቀን መኪኖች ተከታትለው ሲያልፉ ከአንደኛው ላይ ሙሉ ጣኒካ ወደቀና እየተንከባለለ መጥቶ እንሰታቸው ውስጥ ቆመ። በሳምንቱ ቦዲቲ ገበያ ላይ አዋጅ ተነገረ፤ የመንግሥት ቤንዚን የተገኘበት ሰው ይሰቀላል። ኤርካሎ ከገበያ በሩጫ ተመለሰ። “ዛሬውኑ ገደል ጣዪው!” አላት። “እሺ” አለች። እሱም ተጣለ ብሎ ረሳው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ አንድ የጭነት መኪና ከቦዲቲ ወደ ሶዶ ሲሄድ ድንጋይ ሆዱን ቀደደውና ቤንዚኑን መንገድ ለመንገድ እያፈሰሰ መጥቶ የኤርካሎ በር ላይ ቀጥ አለ። መኪናው ላይ ራሱ የሚነዳ አንድ ጣሊያን ሻምበል ባሻ፣ አስካሪ የሚባሉ ሁለት የጣሊያን ጥቁር ወታደሮችና ወልደመስቀል የሚባል አስተርጓሚ ነበሩ። አንደኛው አስካሪ ቀዳዳውን በሳሙናና በእንሰት ቃጫ ደፈነው። የሚሞላበት ቤንዚን ግን የለም። ሌላኛው አስካሪ ወደ ሶዶ በእግሩ ቢላክ ወንዙ ሞልቶ መለሰው። ዝናቡ ሲወርድባቸው አራቱም ሰተት ብለው ኤርካሎ ቤት ገቡ።

መጀመሪያ ኤርካሎ በልቡ ሳቀ። ያለው ደረሰ፤ መኪናው መጠጡ ቀርቶበት ቆመ። ሳቁ ግን እስከ ማታ አልቆየም። የመኪናው ሰዎች ሣር አይግጡም።

“ከግቢ አትውጣ ይልሃል” አለው ወልደመስቀል። “ሽፍታ እንዳትጠራበት ነው።”

ወልደመስቀል ሶዶ ተወልዶ ያደገ የነፍጠኛ ልጅ ስለሆነ ወላይትኛውን እንደ ውሃ ነው የሚጠጣው። ኤርካሎ በአማርኛ ቢናገር ይሰማዋል፣ በወላይትኛ ቢያጉረመርም ይሰማዋል። ስለዚህ በገዛ ቤቱ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። ሐሳቡ ሁሉ ደረቱ ላይ ተከማችቶ እንቅልፍ ነሳው። በመጀመሪያው ቀን ዶሮዎቹ አለቁ። በማግስቱ እንቁላሉና ቅቤው ሄደ። በሦስተኛው ቀን የጥጃዋ ወተት ተወሰደ፤ ጥጃዋ ስትጮኽ ዋለች። በአራተኛው ቀን ሶርሳ የላከለት የቦይና ሥራሥር አለቀ። ሶርሳ ራሱ እሳት ሊጭር ሲመጣ አስካሪው በር ላይ ፈትሾት ስለነበር ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

በአምስተኛው ቀን ወልደመስቀል ሆዱን እያሻሸ “ቆጮ የለም እንዴ በዚህ ቤት? በዳጣ አድርጋችሁ?” አለ።

ኤርካሎ ሚስቱን ከቤቱ ኋላ እንሰቱ ጥግ አገኛት።

“ቆጮ ስጫቸውና ይገላግሉን።”

“አሮጌው ጉድጓድ አልቋል።”

“አዲሱን ክፈቺዋ!”

ፈጠነች አስካሪው ራቅ ማለቱን አየች። “አዲሱ ውስጥ ጣኒካው አለ።”

ኤርካሎ የእንሰት ግንድ ያዘ።

“ገደል ጣዪው አላልኩሽም?”

“ብለኸኛል።”

“እሺ አላልሽኝም?”

“ብያለሁ።” ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ባሏን በልጃቸው በጩማ ስም ነው የምትጠራው። “ጣኒካ እኮ ነው፣ የጩማ አባት። እንዴት ይጣላል? ነገሩ እስኪረሳ ብዬ ነው የቀበርኩት። ቤንዚኑን ደፍቼ ውሃ ልቀዳበት።”

በወላይታ የቆጮ ጉድጓድ የሴት ነው። ወንድ እንሰቱን ይተክላል፣ ያርማል፤ ሲፋቅና ሲቀበር ግን ዝር አይልም። ጉድጓድ አጠገብ የታየ ወንድ ገበያ ሙሉ ይሳቅበታል። የሰማይና የምድሩን ሁሉ አውቃለሁ የሚለው ኤርካሎ ከቤቱ ኋላ ሃያ እርምጃ ላይ ምን እንደተቀበረ ያላወቀው በዚህ ነው።

አሰበው፤ በየት በኩል ቢያስበው ያው ነው። ቤንዚኑን አውጥቶ ቢሰጥ ይሄዳሉ፣ እሱ ግን ይሰቀላል። ባይሰጥ እዚሁ ተቀምጠው ላሚቱን ያርዳሉ። አውጥቶ እንዳይጥለው አስካሪው እየተንጎራደደ ነው። እንደ አይጥ በወጥመድ ተይዟል፤ ወጥመዱም የገዛ ግቢው ነው።

“ከላይ ከላዩ ልዝገንላቸው” አለች ፈጠነች። “ጣኒካው ታች ነው። ትንሽ ግን ሸቷል።”

“ቆጮ መቼም ይሸታል” አለ ኤርካሎ ራሱን ለማጽናናት። “ጣሊያኑ እንደሆነ ሁሉም ይሸተዋል።”

እውነት ነበር፤ ጣሊያኑ ከጓሮ የቆጮ ሽታ በመጣ ቁጥር አፍንጫውን ይይዝ ነበር። ፈጠነች ጋገረችው፣ በቅጠሉ እንደተጠቀለለ ከፍሙ ላይ አንስታ አቀረበችው። ወልደመስቀል ቆረሰና አፉ ውስጥ ከተተ። ማኘኩን አቆመ። ጣሊያኑ ግን ይኼን ጊዜ አፍንጫውን አልያዘም። ጎንበስ አለ፣ አሸተተ፣ ደግሞ አሸተተ። የናፈቀው ሰው ልብስ ያገኘ ይመስል ነበር።

“ቤንዚና” አለ።

ይኼ አስተርጓሚ አላስፈለገውም።

አስካሪዎቹ የወላይታን ደንብ ስለማያውቁ ጉድጓዱ ውስጥ ዘለው ገቡ። ጣኒካውን በቆጮ እንደተለወሰ አምጥተው ከምድጃው ፊት ለፊት ቤቱ መካከል አስቀመጡት። ጣሊያኑ መጀመሪያ በቁጣ ጮኾ ወደ በር እንዲያርቁት አደረገ፤ ከዚያ ወደ ኤርካሎ ዞረ። ፈጠነች ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች።

ኤርካሎ አፉን ከፈተ። አምስት ቀን ታምቆ የቆየው ሁሉ መጣ፤ የመጣው ግን እሱም ያላሰበው ነበር። አማርኛ ሲናገር ወንዱንም ሴቱንም አንድ ላይ ነው የሚያስኬደው።

“ጌታዬ፣ ይንገሩልኝ። የመንግሥት ዕቃ ነው፣ ከመኪናው ወደቀ። ሚስቴ አነሣው። እኔ ምን አልኩ? ቤንዚን እሳት ይፈራል፣ ፀሐይ ይፈራል፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይወዳል። ከመሬት በላይ ካስቀመጡት ተንኖ ያልቃል። ሚስቴ በእንሰት ቅጠል ጠቅልሎ ቀበረው። ባለቤቱ እስኪመጣ ጠበቅነው። ይኸው መጣ!”

ወልደመስቀል አፍጥጦ አየው። ውሸቱን አውቋል፤ ኤርካሎም ማወቁን አይቷል። አንድ ቃል ቢያጣምም የኤርካሎ አንገት እንደሚሄድ ሁለቱም ያውቃሉ። ከዚያ ወልደመስቀል ረጋ ብሎ ተረጎመ። አንዱንም አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረበት መሰል ከኤርካሎ ንግግር ረዘመ።

ጣሊያኑ ጣኒካውን ከፍ አድርጎ መዘነው። ብዙም አልጎደለም። ቅጠሉን ዳሰሰ፣ ወጥቶ የጉድጓዱን አፈር ዳሰሰ፣ ቀዝቃዛ ነው። ሲመለስ ፊቱ በርቷል። የኤርካሎን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

“ብልህ ነህ ይልሃል” አለ ወልደመስቀል። “ሶዶ ያሉት የእሱ ሰዎች እንኳ እንዲህ አያስቀምጡም ይላል። ስምህን ጻፍ አለኝ።”

ቤንዚኑን ለመኪናው አጠጡት። ባዶውን ጣኒካ ጣሊያኑ ለፈጠነች ሰጣት፤ እሷም በሁለት እጇ ተቀበለች። ወንዙም ጎድሎ ስለነበር መኪናው አጓርቶ ወደ ሶዶ ሄደ።

ያን ሳምንት ኤርካሎ ስለ ራሱ ምላስ ብቻ ነው ያወራው። ሶርሳ ገሉን ይዞ ተመልሶ መጣ፣ ሌሎቹም መጡ፣ ፍማቸው አመድ እስኪሆን ሰሙት። ፈጠነች ጣኒካውን በአመድና በቅጠል እያሸች ወንዝ ለወንዝ ዋለች። ሽታው አልለቅ አላት።

እነ ወልደመስቀል በሄዱ በዘጠነኛው ቀን ሁለት መኪና መጣ። አስካሪዎቹ ዐሥራ ሁለት በርሜል እያንከባለሉ ወደ እንሰቱ አስገቡ፤ የቆጮውን ጉድጓድ አስፍተው ቀበሩ፣ የቀረውን በቅጠል ሸፈኑ። ወልደመስቀል ወረቀት ዘርግቶ አነበበ። ኤርካሎ የመንግሥት ቤንዚን ጠባቂ ሆኖ ተሹሟል። ያለ ፈቃድ ከግቢው አይወጣም። አንድ በርሜል ቢጎድል ተጠያቂው እሱ ነው። በመቶ እርምጃ ውስጥ እሳት አይነድም።

“ቤቴስ?” አለ ኤርካሎ።

“ቤትህ ሃያ እርምጃ ነው። ለካሁት።”

“ምን እንበላለን ታዲያ?”

“ጎረቤት አብስሎ ያምጣልሃ።”

“ጎረቤቴ በምን እሳት ነው የሚያበስለው?”

ወልደመስቀል ወረቀቱን አጠፈ። ዓይኑን ከኤርካሎ አሸሸ። “እኔ እንደሆንኩ ያልከውን ነው የተረጎምኩት” አለ ቀስ ብሎ። “እሳት ይፈራል ብለሃል።”

ፈጠነች በዚያ ሰዓት ከወንዝ ስትመለስ ጣኒካውን ተሸክማ ነበር። ሙሉ ነው፤ ዳገቱን ስትወጣ አንዴም አላረፈችም። አስካሪው መንገድ ዘጋባት፣ ጣኒካውን አየ፣ ከዚያ በጣቱ ወደ ምድጃው አመለከታት። ሳትጠይቅ ገባት። ሶርሳ ገሉን ይዞ አጥሩ በር ላይ ተከልክሎ ቆሟል።

ወደ ባልዋ ዞረች። በሃያ ዓመት ትዳር ሳትጠይቀው ይነግራት ነበር እንጂ ጠይቃው አታውቅም።

“ምን ትላለህ፣ የጩማ አባት?”

ኤርካሎ ምድጃውን አየ። በጭሱ የጠቆረውን ጣሪያ አየ፤ እናቱ የተቀመጠችበትን ጥግ አየ። አፉን ከፈተ፣ ምንም አልወጣም። አንገቱን ደፋ።

ፈጠነች ጣኒካውን አዘነበለች። ፍሙ ጮኸ፣ አመዱ እስከ ጣሪያው ተነሥቶ ተመለሰ፣ ቤቱን የቤንዚን ሽታ ሞላው። ውሃው እስኪያልቅ አፈሰሰችው። ሶርሳ በር ላይ ትንሽ ቆየና ባዶ ገሉን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ።