የቤት ሰው

ታረቀኝ የእህቱን ውስጥ እግር በሣር ጫፍ ይነካካል። በደህናው ቀን ቢሆን ሥራነሽ በርግጫ ከአልጋው ታወርደው ነበር። አሁን ጣሪያ ጣሪያውን እያየች፣ «መነካካት ጀመርክ እንዴ?» አለችው።

«ኧረ ጨርሻለሁ» አለና ሣሩን ኪሱ ከተተው።

ከአምበር ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በአይሱዙ ነው ያመጣት። ጉንፋን ይዟት ነበር፤ ለቀቃት ሲባል እግሯ ዛለ፣ ትናንት ጉልበቷ፣ ዛሬ ወገቧ። ሽቅብ እየወጣ ነው። ደረቷ ጋ ከደረሰ የሚያስተነፍሳት መሣሪያ ያለው ባሕር ዳር ነው፤ አምቡላንሱ ደግሞ ሌላ በሽተኛ ይዞ እንደሄደ አልተመለሰም።

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ነግሮታል። «የጉንፋኑ ቫይረስ ፕሮቲን ቅርጹ ከነርቫችን ጋር ይመሳሰላል። ሰውነቷ ቫይረሱን የመታ መስሎት ነርቩን እየመታ ነው።»

«የራሷ ሰውነት?»

«የራሷ።»

«ምን አለህ?» አለችው ሥራነሽ ሲመለስ።

ታረቀኝ ምላሱ ቁም ነገር አይሸከምም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«መብረቅን ታስታውሽው የለ? ሌባው አጥር ላይ የተሰጣውን የአባባን ጋቢ ለብሶ ሲገባ ያ ጅል ውሻ ጭራውን እየቆላ አሳለፈው። ሌባው በጉን ነድቶ ሲወጣ የውሻውን ወገብ በዱላ አለዋ! በማግስቱ አባባ ሌላውን ጋቢ ደርቦ ከገበያ ሲመጣ፣ መብረቅ ዘሎ ባቱን ዘነጠለው። ያንቺም ሰውነት እንደሱ ነው፤ ሌባውን ብሎ ባለቤቱን።»

ሥራነሽ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ትንፋሽ አጠራትና ተቋረጠ።

«ኋላ ግን አወቀው» አለ ታረቀኝ ተጣድፎ። «አሸተተው። የአባባን እጅ ሲልስ ነው ያደረው።»

ከግቢው የመኪና ድምፅ መጣ። ሁለቱም ጆሯቸውን ቀሰሩ። የውሃ ቦቴ ነበር።

«ታሬ።»

«እ።»

«አባባ መብረቅን ያን ዕለት ከገደለው በኋላ፣ ከበረቱ ኋላ ስትቀብረው አይቼሃለሁ።»

ታረቀኝ ተነሥቶ ወደ እግርጌዋ ሄደ። ብርድ ልብሱን ገልጦ ሁለቱን እግሮቿን በመዳፎቹ ያዘ፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዘዋል። አባቱ እንግዳ ሲመጣ ውሻውን በር ላይ በሚገሥጽበት ድምፅ፣ «ተው!» አለ። «ተው እንጂ! የቤት ሰው ናት!»

ሥራነሽ ዓይኗን ጨፈነች።

«አትጩህበት» አለችው ቀስ ብላ። «በስሙ ጥራው።»