አየር ያለው ይጮኻል

በቃሊቲ መጋዘኖች መሃል ባለው ጤና ጣቢያ የድንገተኛ ክፍሉ ልምምድ በገምጋሚ ፊት ሊታይ ነው። በሽተኛ ሆነው የተመረጡት ጥበቃው ጋሽ ወልደሰንበት ናቸው። የተመረጡት በድምፃቸው ነው፤ በር ላይ ሲቆጡ ዋናው መንገድ ላይ ያለ ተሳቢ ፍሬን ይይዛል ይባላል።

«ሕመሙ እስከ ኋላ ወንበር መሰማት አለበት» ብለው ነበር ኃላፊው አቶ ዘካሪያስ።

ተሰማ። ጋሽ ወልደሰንበት ብቸኛዋ አልጋ ላይ ተጋድመው፣ ኦክስጅን አፍንጫቸው ላይ ተሰክቶ፣ «ወይኔ እግሬን! ወይኔ ልጆቼን!» ይላሉ። ሲስተር ፌኔት ጤነኛ እግራቸውን በፋሻ ትጠቀልላለች። ገምጋሚዋ ወይዘሮ የሺሐረግ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

በዚህ መሃል ባጃጅ በሩ ላይ ቆመ። ዱሬሳ የሚባል የዱቄት መጋዘን ወዛደር በጓደኛው ተደግፎ ገባ። ፀጉሩ ሳይቀር ዱቄት ለብሷል። ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ ተከለ። አንድ ቃል አልወጣውም።

«ሁለተኛው በሽተኛ ይሄ ነው?» አሉ ወይዘሮ የሺሐረግ። «ሜካፑ ጥሩ ነው። ትወናው ግን ቀዝቃዛ ነው።»

አቶ ዘካሪያስ ወደ ጓደኛው ጠጋ ብለው «ወንድም፣ እንግዳ አለብን፤ ውጪ ጠብቁ» ሲሉ አንሾካሾኩ።

ፌኔት ግን የሰውየውን አንገት አየች። ትንፋሽ በሳበ ቁጥር ጉሮሮው ሥር ይሰረጉዳል። ከንፈሩ ከዱቄቱ ሥር ጠቁሯል።

«ስምህ ማነው?»

«ዱ...» አለና ቆመ። አየሩ ለስሙ አልበቃም።

ፋሻውን ለቃ ኦክስጅኑን ከጋሽ ወልደሰንበት አፍንጫ ነቀለች።

«ሲስተር! ልምምዱ መች አለቀ?» አሉ አቶ ዘካሪያስ።

«ይሄ አስም ነው። ልምምድ አይደለም።»

«ኧረ እኔም እየሞትኩ ነው ልጄ» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት፣ አለቃቸውን በጎን እያዩ።

«አየር ያለው ነው የሚጮኸው ጋሼ። ይውረዱልኝ።»

ወረዱ። ዱሬሳን አልጋው ላይ አስቀምጣ ኦክስጅኑን ሰካችለት። የአስሙ ፓፍ አለ፤ መድኃኒቱን አጠራቅሞ ወደ ሳንባ የሚያደርሰው ፕላስቲክ ግን የለም። ጠረጴዛው ላይ ለእንግዶች ሃይላንድ ውሃ ተደርድሯል። ፌኔት የወይዘሮ የሺሐረግን አንስታ ውሃውን ደፋች፤ የጠርሙሱን ቂጥ በመቀስ በስታ ፓፉን ሰካችበት፤ ዱሬሳን የጠርሙሱን አፍ አጎረሰችው።

«ሳብ። ያዘው። አሁን ልቀቀው። ድገም።»

«የኔ ውሃ እኮ ነው» አሉ ወይዘሮ የሺሐረግ።

ፌኔት ፓፉን ደጋግማ ሰጠችው። ቆይቶ ትከሻው ወረደ።

«እኚህ... ሰውዬ... ጆሮዬን» አለ ዱሬሳ ወደ ጋሽ ወልደሰንበት እያመለከተ።

«ጎበዝ፣ ሦስት ቃል» አለች ፌኔት።

ወይዘሮ የሺሐረግ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ኦክስጅን የተነቀለባቸው በሽተኛ በመመሪያው መሠረት ሞተዋል። ልምምዱ ወድቋል። ይሄኛው ደግሞ ዕቅዱ ውስጥ የለም።»

አቶ ዘካሪያስ ላባቸውን ጠረጉ።

«ከሞትኩ ታዲያ በሩን ማን ይጠብቅ?» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት ፋሻቸውን እየፈቱ።

ፌኔት አልሰማቻቸውም። ዱሬሳን እያዳመጠች ነበር። ምሳውን መጋዘን ረስቶበት የመጣውን ጓደኛውን ይሰድበዋል፤ ሳያቋርጥ፣ በአንድ ትንፋሽ።