ለክለቡ ሰው የነገርኩት

አርብ እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ሲጮኽ ዮሬልቢስ ሳህኑ ላይ ያለውን ሩዝ በሹካ ይበታትን ነበር እንጂ አይበላም ነበር። የደወለው ወኪሉ ኦስባልዶ ነው። ማያሚ ተቀምጦ፣ ዮሬልቢስ ቤዝቦል ከሚወረውርለት የሰሜኑ ክለብ ጋር ስለ ደመወዙ የሚከራከርለት እሱ ነው። የልጅ ልጄ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ድምፁን ከፍ አደረገው። ከእኔ የሚደብቀው ነገር ስለሌለ አይደለም። ቀኝ ክንዱን አጥፎ ስልክ ጆሮው ላይ ማቆየት ስለማይችል ነው። ይህን አውቃለሁ፤ እሱ የማውቅ አይመስለውም።

«ወንድሜ፣ ዋጋውን አወረዱት» አለ ኦስባልዶ። «አንድ ሚሊዮን ከስምንት መቶ ሺህ ዶላር ያልነው ቀርቷል። አንድ ሚሊዮን ከሃምሳ ሺህ ነው የሚሉት፤ ከፈለገ ይውሰድ፣ ካልፈለገ ይተው።»

«ብተወውስ?»

«ዛሬ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ለመጪው ዓመት የሚያስቀሯቸውን ሰዎች ዝርዝር ያስገባሉ። አንተ እዚያ ውስጥ አትኖርም። ነፃ ሰው ትሆናለህ። ነፃ ማለት ደግሞ ሥራ ፈት ማለት ነው።»

ዮሬልቢስ ሳቀ። «ኅዳር በመጣ ቁጥር ይህንኑ ነው የሚሉት።»

«የዘንድሮው ይለያል። ለደመወዝ ከመደቡት አልፈዋል፤ ባለቤቱ ቀንሱ ብሏል። ከወርዋሪዎቹ አራታችሁ ገደል አፍ ላይ ናችሁ፣ የሚያስቀሩት ሁለት ነው። ደግሞ ስለ ክርንህ ጠየቁኝ።»

«ስለ ክርኔ ምን?»

«ያመዋል ወይ አሉኝ። ያምሃል ወይ?»

«አያመኝም።»

እኔ ቦሎቄ እየጨለፍኩ ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ ሳህኑ ላይ ሦስተኛ ጭልፋ ጨመርኩ።

«ታዲያ ማን ምን ነገራቸው?» አለ ኦስባልዶ።

«ማንም። ሊያስፈራሩኝ ነው። የሚያውቁበት መንገድ የለም። ዛሬ ማታ እዚሁ ሳን ፔድሮ ስታዲየም ለከተማችን ቡድን እወረውራለሁ። ከመረቡ ጀርባ የአምስት ክለብ ሰዎች ፍጥነት መለኪያቸውን ይዘው ይቀመጣሉ። እነሱ ይዩኝ። ለእነዚያ እምቢ በላቸው።»

«እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አስብበት። አሥራ አንድ ላይ ካልመለስኩላቸው ገንዘቡን ለሌላው ይሰጡታል።»

ስልኩ ተዘጋ። ዮሬልቢስ ሳህኑን ገፋ አድርጎ ሊተኛ ገባ፤ የጨዋታ ቀን ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ ይተኛል። እኔ ወንበሩ ላይ ቀረሁ። ማን እንደነገራቸው አውቅ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሳቱርኒኖ መጥቶ ነበር። ሳቱርኒኖ የክለቡ ሰው ነው፤ ውድድር አልቆ ወደየቤታቸው የተመለሱትን ልጆች እየዞረ የሚያይ። የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ የባኒ ከተማ ሰው፣ ረጋ ያለ፣ ኮፍያውን ደጃፍ ላይ የሚያወልቅ። ዮሬልቢስ ልምምድ ሄዶ ነበር። ሰው ቤቴ ገብቶ ሳይበላ አይወጣም፤ የፍየል ወጥና ሩዝ አቀረብኩለት፣ ሁለቴ አስጨመረ። ሲበላ ስለ ሚስቱ ስኳር በሽታ አጫወተኝ። እኔ ስለ ጉልበቴ ነገርኩት። ከጉልበቴ ወደ ልጁ ክንድ እንዴት እንደተሻገርን አላስታውስም፤ ያልኩትን ግን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «እባክህ፣ እዚያ ላሉት ንገርልኝ፣ ልጁን አያድክሙብኝ። ከጨዋታ ሲመለስ ክንዱን ትራስ ላይ ሰቅሎ ነው የሚተኛው። ጥርሱን እንኳ በግራ እጁ ነው የሚቦርሸው።»

ክፋት አላሰብኩም። ዮሬልቢስ ሰባት ዓመቱ ሳለ አስም ነበረበት። ትምህርት ቤቱ ድረስ ሄጄ ለመምህርቷ ነገርኳት፤ እሷም ሌሎቹ ሲሮጡ ዛፍ ሥር ታስቀምጠው ነበር። ሰው ልጁን ለሚይዝለት ሰው ሕመሙን ይነግራል፣ እንዲጠነቀቅለት። እኔ የማውቀው ይህን ነው። ሳቱርኒኖ ወረቀት አላወጣም፣ አንድ ቃል አልጻፈም። ስለ ምግቡ አመስግኖ፣ ጉልበቴን በሞቀ ውሃ እንድይዘው መክሮኝ ሄደ።

አሁን ዮሬልቢስ እምቢ የሚለው አያውቁም ብሎ ነው። ያውቃሉ። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ይሰርዙታል፤ ያን ጊዜ የክለቡ ሐኪምም፣ ሕክምናውም ይቀርበታል። ከዚያ በፊት ደግሞ በዚያ በታመመ ክንዱ፣ አምስት ክለብ ያየኛል ብሎ ያለ የሌለ ጉልበቱን ይወረውራል። ስለ ገንዘቡ ግድ የለኝም ብል ውሸት ነው፤ የዚህ ቤት ጣሪያ ከእሱ ክንድ ነው የመጣው። ግን በእኛ መንገድ ላይ ብቻ ክንዳቸው የተበላሸባቸው ሦስት ወጣቶች ዛሬ በሞተር ብስክሌት ሰው ያመላልሳሉ። በየጠዋቱ ሰላም ይሉኛል። ሰላም ባሉኝ ቁጥር የማስበው የእኔውን ነው።

አበልጄ ዶሚቲላ በጓሮ በር ገባች። ዮሬልቢስን ክርስትና ያነሣችው እሷ ናት፤ ፊቴን አይታ ምን ሆንሽ አለችኝ። በሹክሹክታ ሁሉንም ነገርኳት።

«እና አሁን ልትነግሪው ነው?»

«አልንገረው?»

«አፍሽ መቼ አርፎ ያውቃል። ሰኞ ዝም ብትዪ ኖሮ ዛሬ ምክር ባላስፈለገሽ።»

«ዶሚ፣ አታሹፊብኝ።»

«አላሾፍኩም። ስሚኝ፤ ብትነግሪው አንቺን ይጠላል፣ ባትነግሪው ክለቡን ይጠላል። ክለቡን ቢጠላ ምን ቸገረሽ? ክለቡ ቁርስ አይሠራለት።»

«ክንዱስ?»

ዶሚቲላ ድስቱን ከፍታ አየች። «ቦሎቄሽ ጨው በዝቶበታል» አለችና በመጣችበት በር ወጣች።

አሥር ሰዓት ሆነ። ዮሬልቢስ ለብሶ፣ ቦርሳውን በግራ ትከሻው አንግቦ ከክፍሉ ወጣ። ክንዱን የሚያሽበት የቅባት ሽታ ከእሱ ቀድሞ መጣ።

«ማማ፣ ይባርኩኝ» አለ። ሳልመርቀው ከቤት ወጥቶ አያውቅም።

«ቁጭ በል።»

«ረፍዶብኛል።»

«ለሳቱርኒኖ የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«ምኑን?»

«ክንድህን።»

ቦርሳውን አላወረደም። «ክንዴ ምን ሆነ?»

«እኔ ፊት አትዋሽ፣ ዮሬ። አንሶላህን የማጥበው እኔ ነኝ። ትራስህ ሁሉ ያን ቅባት ይሸታል።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ፤ ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ማማ፣ የዚያ ሰውዬ ሥራ ምን ይመስልዎታል?»

«እናንተን እየዞረ መጠየቅ።»

«እንቁላል የሚገዛ ሰው አይተው የለም? አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሣ፣ የቱ እንደተሰነጠቀ የሚያይ? እሱ ነው ሥራው።»

«ፍየሉን ሁለቴ አስጨምሮ በልቷል» አልኩ። ምን ማለቴ እንደሆነ እንጃ።

«ይበላላ። ሂሳቡን የምከፍለው እኔ ነኝ።»

ምርቃቱን ሳይቀበል ወጣ። በነጠላ ጫማዬ ተከተልኩት። መኪናውን ሲያስነሣ በሌላው በር ገብቼ ተቀመጥኩ።

«ይውረዱ፣ ማማ።»

«አልወርድም።»

«ስታዲየም ነው የምሄደው።»

«እኔም።»

ማዕዘኑ ላይ ዶሚኖ የሚጫወቱት ሰዎች ቀና አሉ። «ዶኛ ኤርሲሊያ» ብሎ በአክብሮት ጠራኝ ጡረተኛው ፋብሪሲዮ፣ «ዛሬ የሚወረውሩት እርስዎ ነዎት እንዴ? ለማን ልወራረድ?»

«አንተ ተራህን ተጫወት» አልኩት። ሌሎቹ ሳቁ። ዮሬልቢስ መስኮቱን ዘግቶ ነዳ።

የባሕሩን ዳር መንገድ ያዝን። የመኪናው ሰዓት አሥር ከሃያ ይላል። የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶት ስለነበር እየተንፏቀቅን ሄድን። እኔ ደቂቃውን አያለሁ፣ እሱ የጭነት መኪናውን ያያል።

«ምን ብለው ነው የነገሩት? ልክ እንዳሉት ይንገሩኝ።»

ነገርኩት። ትራሱን፣ የጥርስ ብሩሹን።

«እሱስ ምን አለ?»

«ወጡ ላይ ሎሚ ጨመቀ።»

«ስለ ጣቶቼስ ነግረውታል?»

«የትኞቹ ጣቶች?»

ሳያስበው አምልጦት እንደሆነ ገባኝ። «ዮሬ፣ የትኞቹ ጣቶች?»

ስታዲየሙ ግቢ ስንገባ ሞተሩን አጠፋ። ከዚያ መሪውን እያየ ነገረኝ። «ትንሿና አጠገቧ ያለችው። ከነሐሴ ጀምሮ ይደነዝዛሉ። አንዳንዴ ኳሱ ከእጄ መውጣቱን የማውቀው ተቀባዩ ሲይዘው ሳይ ነው።»

ሰኞ ለሳቱርኒኖ የነገርኩት ትልቅ ነገር መስሎኝ ነበር። ከዚህ አጠገብ ሲቀመጥ ምንም አልነበረም።

«እንዲህ ሆነህ ልትወረውር ነው?»

«አምስት ክለብ ነው፣ ማማ። አንዱ ይወስደኛል።»

«ሳቱርኒኖ ከአፌ የሰማውን እነዚህ በዓይናቸው ሊያዩ ነው። ኳሱ አንዴ ከእጅህ ቢንሸራተት አምስቱም ማስታወሻቸውን ዘግተው ይሄዳሉ። ያን ጊዜ የሰሜኖቹም ሄደዋል። ማን ያክምሃል? እኔ በቅባት?»

የስታዲየሙን በር አየ። ቲኬት የሚቆርጡ ሰዎች መሰለፍ ጀምረዋል፤ ሁለት ሦስቱ መኪናውን ለይተው እጃቸውን አወዛወዙለት። አጸፋውን በግራ እጁ መለሰ። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። ስምንት ደቂቃ ሲቀረው ስልኩን አነሣና ድምፁን ከፍ አድርጎ ደወለ።

«ኦስባልዶ፣ ተቀብያለሁ በላቸው።»

«መስመሩ ላይ ቆይ» አለ ኦስባልዶ፣ ድምፁም ጠፋ።

እንዲህ ያለ ረጅም ጊዜ አላውቅም። አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ሦስት። የመኪናው ሰዓት አሥራ አንድን አሳየና አንድ ደቂቃ አለፈው። ልናገር ስል ዮሬልቢስ መዳፉን አንሥቶ ከለከለኝ።

«አለህ?» አለ ኦስባልዶ ተመልሶ። «ከሌላው ልጅ ጋር እየተነጋገሩ ነበር የደረስኩባቸው። ተስማሙ። ግን ሁለት ነገር አለ። ከዛሬ ጀምሮ እዚያ መወርወር የለም። ሰኞ ደግሞ ሐኪማቸው ሳንቶ ዶሚንጎ ላይ ያይሃል። መጀመሪያ ይታይ፣ ከዚያ እንፈርማለን ብለው ነበር፤ ዋጋውን እኮ በዚህ ፍርሃት ነው የቆረጣችሁት፣ ሁለቴ አትቆርጡም ብዬ ዛሬ እንዲፈረም አድርጌያለሁ።» ቀጥሎም፣ «ከመፈረምህ በፊት እኔ የማላውቀው ነገር አለ?» አለና መልሱን ሳይጠብቅ «የለም መሰለኝ» ብሎ ጨመረበት።

አፌን ከፈትኩ። ሐኪም ጣቶቹን ካላወቀ ክርኑን ብቻ አይቶ ቢለቀውስ? ደግሞ አሁን ብናገር፣ ሁለት ደቂቃ ያልሞላው ስምምነት ይፈርሳል። ዮሬልቢስ አየኝ። አልተቆጣም፤ ዝም ብሎ አየኝ፣ ልክ ድሮ ለመምህርቷ ስነግር እንዳየኝ። አፌን ዘጋሁት።

«የለም» አለ ዮሬልቢስ። ውሉ ስልኩ ላይ መጣለት፤ በጣቱ ፈረመ።

«ሰኞ ለሐኪሙ ትነግረዋለህ» አልኩት፣ ስልኩ ከተዘጋ በኋላ።

«እነግረዋለሁ።»

«ማልልኝ።»

«ማማ፣ አሁን አሰልጣኙ ጋ ገብቼ ዛሬ አልወረውርም ልለው ነው። አንድ በአንድ ይሁን።»

ገባ። መኪናው ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። ጥቂት ቆይቶ በድምፅ ማጉያው የሌላ ወርዋሪ ስም ተጠራ፤ ከሰልፉ ላይ ፉጨትና ስድብ ተነሣ። አንድ ኦቾሎኒ ሻጭ መስኮቴን አንኳኳ።

«ዶኛ፣ ልጁ ምን ሆነ? ክንዱ ነው የሚሉት።»

«ሆዱ ነው» አልኩ። «ቦሎቄው ጨው በዝቶበት ነበር። አንድ ጥቅል ስጠኝ።»

ገንዘቤን ተቀብሎ መልስ እየቆጠረ አተኩሮ አየኝ፤ ያመነኝ አይመስለኝም።

ዮሬልቢስ ሲመለስ የስታዲየሙ መብራቶች በርተዋል። በሩን ዘግቶ ተቀመጠ፤ ሞተሩን አላስነሣም።

«ተቆጣህ?»

«አሰልጣኙ? አልተቆጣም። አያትህ ውጭ እየጠበቁህ ነው አይደል አለኝ። እንዴት እንደሰማ እንጃ።»

«እጅህን ስጠኝ።»

አልከራከረኝም። ቀኝ እጁን ጭኔ ላይ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው። ከባድ ነበር፣ ሞቃት። ትንሿን ጣቱን በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ይዤ ጥፍሩ እስኪነጣ ድረስ ጨመቅኳት። እሱ ከመስታወቱ ወዲያ ወደ መብራቶቹ እያየ ነበር።

«መጨመቅ ሲጀምሩ ይንገሩኝ» አለ።

ከጀመርኩ ቆይቼ ነበር።