ከማግነስ ስም በታች ያለው ባዶ መስመር

ግሪዘል ገና በሕይወት እያለች ነው የመቃብር ድንጋይዋን የሰው እጅ የነካው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ እንደ ልማዷ ወደ ባሏ ወደ ማግነስ መቃብር ጎራ አለች። ከስሙ በታች ለእሷ ስም የተተወ አንድ መስመር አለ። አስራ አንድ ዓመት የድንጋይ ሽበት ሸፍኖት የኖረው ያ ቦታ ተፍቆ፣ በጠመኔ ተሰምሮበት አገኘችው። ወይ ጉድ! ሰው ሳይሞት ይለካል እንዴ?

ከባሏ እህት ከአይዞቤል ሌላ ይህን የምታደርግ ማን አለ? መቃብሩ የአባታቸው ነው፤ የባለቤትነት ወረቀቱም በእሷ እጅ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረው ደግሞ የአንድ ሬሳ ሳጥን ቦታ ብቻ ነው። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ከወንድሟ ጎን መተኛት ቢያምራት ምን ይገርማል! ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር። ግሪዘል ድንጋይ ጠራቢውን ክሮፎርድን ብትጠይቀው አይኑን ሰበር አድርጎ ሥራ አለብኝ አላት። አይዞቤል ከእሱ ዘንድ ስትወጣ አይተናል ያሉም አልጠፉ። ማክሰኞ ደግሞ አይዞቤል ግሪዘልን መንገድ ላይ አግኝታ፣ ሳልሽ እንዴት ሆነ እያለች ደጋግማ ጠየቀቻት። መቼ ነው የምትሞቺው ማለቷ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!

ሐሙስ ዕለት ትዕግስቷ አለቀና የአይዞቤልን በር አንኳኳች። ሻይ ልቅዳልሽ ብትላት እምቢ አለች፤ ቆማ ነው የተናገረችው።

"አርባ ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። አሁን ከጎኑ ልታስነሺኝ ነው?"

አይዞቤል ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች። "ለእኔ እኮ አይደለም። ለኢናስ ነው።"

ኢናስ የማግነስና የአይዞቤል ታናሽ ወንድም ነበር። በአስራ ዘጠኝ ዓመቱ ከዓሣ ጀልባ ላይ ባሕር በላው። በዚያ መንደር ባሕር የበላው ሰው ሬሳው ባይገኝም ስሙ በቤተሰቡ ድንጋይ ላይ ይቀረጻል። የኢናስን ግን አባትየው ከለከሉ፤ ይመጣል እያሉ፣ በራቸውን ሳይቆልፉ እያደሩ ሞቱ። ማግነስም የአባቴን ቃል አላፈርስም እንዳለ ሄደ።

"እሱ መተኛ አይፈልግ፤ ስሙ ብቻ ነው" አለች አይዞቤል። "እኔ ስሞት ማን ያስታውሰዋል?"

"ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"እምቢ ትይኛለሽ ብዬ።"

ግሪዘል ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ ቁጣው ግን አልመጣላት አለ። እምቢ ትል እንደነበር ልቧ ያውቀዋል። በጣም አፈረች፤ ወንበር ስባም ተቀመጠች።

"እልሽ ነበር" አለቻት። "በይ ሻይሽን አምጪ።"

በማግስቱ ክሮፎርድ መሮውን ይዞ ድንጋዩ ፊት ሲንበረከክ ግሪዘል አጠገቡ ቆማ ነበር። መስመሩ ይኼው አንድ ነው፣ የእርስዎን ስም የት ላድርገው ታዲያ፣ ብሎ ጠየቃት።

"እኔስ ከሥር አለሁ" አለችው። "የሌለውን ጻፍ።"