የኪሎ ተኩል ውሸት

ሚዛን እጠግናለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ። ነጋዴ ሚዛኑን በሃምሳ ግራም ካዛባ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ነው የማዋርደው፤ ስለዚህ በሰፈሩ ብዙ ወዳጅ የለኝም። ይህን የምላችሁ ያደረግኩት ነገር እንዲገባችሁ ነው።

እናቷ ካረፈች ወዲህ ከልጄ ጋር ሁለታችን ብቻ ነን። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ «ግራሜ» ብዬ እጠራታለሁ። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባል በሽታ ይዛ ተወለደች። ሳንባዋን ወፍራም አክታ ይዘጋዋል፤ ቆሽቷም ምግብ የሚፈጨውን ፈሳሽ ወደ አንጀቷ አያደርስም። በበላች ቁጥር እንክብል ትውጣለች፣ የሁለት ሰው ትበላለች፣ ጠብ የሚልላት ግን የለም። ላቧ ጨዋማ ስለሆነ ስስማት ጉንጯ ጨው ጨው ይላል። ለምጄው የሌላ ሰው ልጅ ስስም አልጫ ይሆንብኛል።

የክሊኒኳ ሲስተር እቅጩን ነገረችን። «ክብደት ሲቀንስ ሳንባም አብሮ ይደክማል። ከሦስት ወር በኋላ ከሠላሳ ዘጠኝ ኪሎ በታች ከሆነች ሆዷ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበጅቶ፣ ስትተኛ በቱቦ እንመግባታለን።»

ቤት ስንደርስ፣ «አባዬ፣ ሆዴን አይበሱኝም አይደል?» አለችኝ።

«እኔ እያለሁ!» አልኩ። አፌ እንዲህ ነው፤ ይቀድመኛል።

እሁድ እሁድ ቤት ውስጥ እመዝናታለሁ። በሁለተኛው እሁድ ሠላሳ ስምንት ተኩል ሆነች። ፊቷ ጭልም ሲል አንጀቴን በላችው። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሳለች ሚዛኑን ገልብጬ ፈታሁት። መርፌውን ገፋ ማድረግ የጀማሪ ሥራ ነው፤ ማንም ይነቃበታል። እኔ ከሥር ያለውን ማንሻ ነካሁት፦ ባዶውን ዜሮ ላይ ይቆማል፣ ጭነቱ በከበደ ቁጥር አብልጦ ይጨምራል፤ እሷ ስትወጣበት ኪሎ ተኩል። እንደዚያ የተጣራ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ እንደዚያም አፍሬ አላውቅም።

በሚቀጥለው እሁድ «አርባ!» አለች። ሆድ ይፍጀው ብዬ አጨበጨብኩ።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔው እያደር ከበደ። መርፌው ቀስ በቀስ ይመለስ ጀመር፤ እውነተኛውን ቁጥር የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ እንቅልፍ አጣሁ።

ቀጠሮው ደረሰ። ግራሜ ጫማዋንና ሹራቧን አውልቃ የክሊኒኩ ሚዛን ላይ ወጣች።

«ሠላሳ ሰባት ከስምንት መቶ» አለች ሲስተር።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት።

ሲስተር መነጽሯን አወለቀች። «በመጀመሪያው ሳምንት ብትደውልልኝ እኮ ያኔውኑ አንድ ነገር እናደርግ ነበር! ይኸው ሦስት ወር አለፈ።» ልጄን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ግራሜ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ፤ እስኪያልፍላት ጠበቅን።

«አባዬ፣ የማን ልጅ መሰልኩህ? አርባ ባለ ማግስት ሁለቱን የአሥር አሥር ኪሎ መመዘኛ ብረቶችህን አንድ በአንድ ተሸክሜ ጫንኩበት። ሃያ ከስምንት መቶ አለኝ።»

ክው አልኩ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ቁጥሬ ሲወርድ እራትህን ወደ ሳህኔ ትገለብጣለህ። አርባ ያለ ሰሞን ግን እንዳልነቃብህ ብለህ የራስህን በላህ።» ወደ ሲስተር ዞረች። «አሁን ደግሞ መገልበጥ ጀምሯል። እባክሽ እሱንም መዝኚልኝ።»

እምቢ አልኩ። ሲስተር በብዕሯ ሚዛኑን አሳየችኝ፤ ወጣሁ። ሃምሳ ሁለት። ባለፈው ዓመት ስልሳ አንድ ነበርኩ። ቀበቶዬን ሁለት ጊዜ በሚስማር በስቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን ራሴን አልጠየቅኩም።

«ቱቦው ይግባልኝ» አለች ግራሜ። ድምጿ ደህና ነበር፤ ጣቶቼን ግን አጥብቃ ይዛለች። «እኔን ቱቦው ከመገበኝ እሱ የራሱን ይበላል።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሚዛኑን ፈትቼ አቃናሁት፤ ብረቶቹን ጭና ያረጋገጠችው እሷ ናት። እራት ላይ እጄ እንደ ልማዱ ማንኪያውን ይዞ ወደ እሷ ሄደ። ሳህኗን በመዳፏ ከደነችው።

«ብላ» አለችኝ። «እሁድ አንተም ትመዘናለህ።»