ከጥጃ ቁመት

አባቴ ነፋስን እንደ ሌባ ነው የሚፈራው። የመጀመሪያዋ ጥጃ ስትሞትብን የጥጃ ቤቱን መስኮት በባዶ ማዳበሪያ ጠቀጠቀው። ሁለተኛዋ ስትሞት በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ደፈነ። ሦስተኛዋ ስትሞት የቀረችው ከበሩ ሥር ያለች፣ ሁለት ጣት የማታስገባ ስንጥቅ ነበረች፤ እሷንም በአሮጌ ብርድ ልብስ ዘጋት። በአንድ ክረምት ሦስት ጥጆች ቀበርን፣ ቀዳዳ ግን አንድም አላስተረፍንም።

ጥጆቹን የማበላው እኔ ነኝ። ከባሌ ቤት ተመልሼ ከመጣሁ ወዲህ ባልዲውና ገለባው የኔ ነው፤ ማዘዙ ግን የታላቅ ወንድሜ። ቤት ውስጥ «ሊቀመንበር» እንለዋለን፣ በረት ሲመጣ እጁን ኪሱ ከትቶ ንግግር ከማድረግ በቀር ሥራ አያውቅማ። ሦስተኛዋ ጥጃ የሞተች ዕለት በሩ ላይ ቆሞ፣ «ብርድ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?» አለ። አባቴም ተስማማ። እኔ ሬሳዋን ለማውጣት ተንበርክኬ ነበር። ያኔ ዓይኔን አንድ ነገር አቃጠለኝ፤ እንደ በረኪና ያለ። ጉልበቴም ራሰ፤ ከላይ ደረቅ የሚመስለው ገለባ ከሥሩ ሽንት ጠጥቷል። ብድግ ስል ሽታው ቀነሰ። ተመልሼ ስንበረከክ መጣ። እነሱ በሩ ላይ ቆመው ስለ ብርድ ያወራሉ።

የሽንቱ ሽታ መውጫ አጥቶ መሬት ላይ መታፈኑን ስነግራቸው ወንድሜ፣ «የጥጃ ቤት ምን እንዲሸትልሽ ነበር?» ብሎ ሳቀ። አባቴ ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ከሳምንት በኋላ ምርጧ ላማችን ወለደች። ሴት ጥጃ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፤ ቦቃ አልኳት። እንገሩን፣ ያን ቢጫ የመጀመሪያ ወተት፣ ሰዓት ሳይሞላ አጠጣኋት። ከዚያ ተሸክሜ ደጅ አወጣኋት። ከቤቱ ጀርባ ሦስት አሮጌ በሮች አቁሜ፣ ላዩን ቆርቆሮ አልብሼ፣ አንዱን ጎን ክፍት ትቼ ማደሪያ ሠርቼላት ነበር። ገለባው ስትተኛ እግሮቿን ሙሉ በሙሉ ይውጣል።

አባቴ መጥቶ አያት። «ራቁቷን ደጅ?» አለ።

«ራቁቷን አይደለችም፣ ፀጉር አላት።»

«አንቺ ልጅ፣ ይሄ ነፋስ አይታይሽም?»

«ይታየኛል አባዬ። ሦስቱን የገደለው ግን እሱ አይደለም።»

ሊቀመንበር ጣልቃ ገባ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ።»

«ብብቴ ውስጥ ምን ቀረ ጋሼ? ሁሉንም ቀብረናል።»

አባቴ ፈረደ፤ ይህች ከሞተች ጥጆቹን ለወንድሜ እለቃለሁ፣ ዳግመኛም በረት አልገባም። እሺ አልኩ። በዚህ ቤት ግን የኔ የምለው ጥጆቹን ብቻ ነው። ስመለስ ዘመድ ሁሉ ምን አድርጋው ነው እያለ ሲጠያየቅ፣ ምንም ሳይጠይቁ የተቀበሉኝ እነሱ ናቸው።

አምስት ቀን ደህና ሆነች። ጣቴን እያጠባሁ ባልዲ አስለመድኳት፤ ወተቱን ለብ እንዳለ፣ ጠዋትና ማታ ሰዓቱን ሳላዛንፍ። በስድስተኛው ቀን ተቅማጥ ያዛት። ወተቷን ሳልከለክል፣ በመሃል በመሃሉ ለብ ያለ ውሃ በጨውና በስኳር በጥብጬ ሰጠኋት። ሊቀመንበር ወሬውን ለማድረስ አልዘገየም። ከሰዓት በኋላ ሁለቱም መጡ፤ ወንድሜም እጁን ከኪሱ አውጥቶ ጥጃዋን አቀፋት።

«ወደ ቤቷ ትግባ» አለ አባቴ።

ሮጬ ቀደምኳቸውና የጥጃ ቤቱን በር ይዤ ቆምኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። «አትገባም» አልኩ።

«ዞር በይ።»

«አልዞርም። መጀመሪያ አንተ ግባ አባዬ። ግባና ተንበርከክ፣ እሷ በምትተነፍስበት ቁመት። እስከ ሃምሳ እቆጥራለሁ። ሃምሳ ስል ደህና ነው ካልከኝ ራሴ ተሸክሜ አስገባታለሁ፣ በረቱንም እለቃለሁ።»

«ሽማግሌ ልታንበረክኪ?» አለ ወንድሜ። አባቴ ግን በእልህ ከማንም አያንስም፤ እኔስ ከማን ወረስኩት? ገፋ አድርጎኝ ገባና ተንበረከከ።

ጮክ ብዬ፣ ሳልቸኩል ቆጠርኩ። አሥራ አምስት ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። ሃያ ሁለት ላይ ሳል ያዘው። ሠላሳ ላይ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ፤ መቁጠሬን አላቆምኩም። አርባ አንድ ስል ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። የሱሪው ጉልበት ርሶ ጠቁሯል።

ደጅ ወጥቶ አየር እስኪጠግብ ቆየ። «ሦስቱም እዚህ ነበሩ» አለ፣ ለራሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

አይደለህም እንድለው ፈልጎ ነበር። ደግ ልጅ ብሆን ብርዱም ነው፣ ዕድልም ነው፣ ምን ይደረግ እለው ነበር። በዚህ ቤት ሁላችንም እንዲህ ስንባባል ነው ጥጆቹ ያለቁት።

«አዎ አባዬ» አልኩት። «እኔም አለሁበት። ሦስቱም እስኪሞቱ አንድ ቀን እንኳ አልተንበረከክሁም።»

የወንድሜን ሸሚዝ የጥጃዋ ተቅማጥ አበላሽቶታል፤ የት እንደሚያስቀምጣት አያውቅም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለው አባቴ። «ወደ ደጅ መልሳት። ከዛሬ ጀምሮ ጥጃ የት እንደሚያድር እህትህን ነው የምትጠይቀው።»

«እሺ፣ ነገ ብትሞትስ?» አለ ሊቀመንበር።

አባቴ የራሰ ጉልበቱን አየ። «ብትሞትም» አለ።

ወንድሜ ጥጃዋን እንዳቀፈ እኔን አየኝ። የት ላድርጋት እስኪለኝ ድረስ ጠበቅሁት።