የተረበሸ እርሾ

«ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦ እርሾው ስለተረበሸ ዳቦ መጋገር ላልተወሰነ ጊዜ መቋረጡን በጥልቅ ሐዘን እናሳውቃለን።»

ይህን በዳቦ ቤቱ በር ላይ የለጠፈው ባለቤቱ ራሱ ነው። ሰፈሩ «ጋሼ ኩፍ» ይለዋል፤ ሊጡም እሱም ቶሎ ኩፍ ስለሚሉ። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊዋ አነበበችና «እርሾ ደግሞ ምን ሆኖ ይረበሻል? ፈተና አለበት?» አለች።

ቀልድ ግን አልነበረም። እርሾውን ያስጀመረችው ሟች ሚስቱ ናት። መደርደሪያው ላይ ያሉት አራት የማርማላታ ብልቃጦች ከዚያው የተከፈሉ ናቸው፤ ለዓመታት አንዱን ከሌላው የሚለይ አፍንጫ አልተገኘም። መንገድ ቆፋሪዎች መጥተው ግድግዳውን ሲያንቀጠቅጡ፣ የቧንቧው ውሃ መድኃኒት መድኃኒት ሲል ግን ተለያዩ።

ዩኒቨርሲቲ ረቂቅ ተሕዋስያን የምታጠናው ልጁ ክዳኖቹን ከፈተች። አንዱ የበሰለ ፖም ይሸታል፤ ሌላው የጥፍር ቀለም። ሦስተኛው ክዳኑን ገፍቶ መደርደሪያውን ወርሶታል። የመጨረሻው ዝም ብሏል።

«አባዬ፣ ደህና ሲሆኑ ሁሉም ይመሳሰላሉ። ሲጨነቁ ግን እያንዳንዱ በየፊናው ነው የሚጨነቀው።»

«ለቅሶ ላይ እንደነበሩት ዘመዶቻችን በይኛ።»

ሳቀች። እውነቱን ነው። እናቷ የሞተች ጊዜ አክስቷ የታጠበ ድስት መልሳ ስታጥብ ከረመች፤ አጎቷ በወንበር አቀማመጥ ከሰው ተጣላ። እሷ ራሷ ክረምቱን ሙሉ ቃል አልወጣትም። አባቷ ከሰዓት ከሰዓት አልጋዋ ግርጌ ይቀመጥ ነበር፤ ምንም ሳይጠይቅ።

«ከቁፋሮው በፊት የተቀዳው፣ መድኃኒት የሌለበት ውሃ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነው» አለች። «ከተሳሳትን የእማዬ እርሾ በዚሁ አበቃ። ፖሙን እንያዝ። ዝም ያለውማ ሞቷል፤ እንድፋው።»

አባቷ ወደ መደርደሪያው ተጠጋ። በመስኮቱ የገባው ብርሃን የዱቄቱን ብናኝ አንሳፍፎት፣ ክፍሉ ከሐይቅ በታች የተሠራ ይመስላል። ቁፋሮው እንኳ ከሩቅ፣ ከሌላ ሰው እንቅልፍ ውስጥ የሚመጣ ድምፅ ይመስል ነበር። ዝም ያለውን ብልቃጥ አንስቶ ጆሮው ላይ አደረገው። አንዲት አረፋ ፈነዳች፣ ወይም የፈነዳች መሰለው። በኮቱ ሸፍኖት ለብ ካለው ምድጃ ጥግ ተቀመጠ፤ ያቺን ውሃ ጠብ ጠብ ያደርግለት ጀመር።

«አባዬ፣ ለምን እሱን?»

«አልናገርም።»

«ምክንያት ይኖርሃላ።»

«አለኝ። አልናገርም። ያንን ዱቄት አቀብይኝ።»